ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሚኒያፖሊስ የሕመም ፈቃድ ደንብ ለትንንሽ አሠሪዎች የተወው ትምህርት

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2020 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ውሳኔ አስተላለፈ። በዚያ ሰሞን ለፍርድ ቤት ዜና ጆሮ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ፖሊስ እጅ ከተገደለ ገና ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው፤ በከተማዋ ሌክ ስትሪት የተቃጠሉት ሱቆች ፍርስራሽ አልተነሣም። በኮሮና ምክንያት ተዘግተው የከረሙት ምግብ ቤቶች ከመቀመጫቸው በግማሹ ብቻ ሰው ወደ ውስጥ እንዲያስገቡ የተፈቀደላቸውም በዚያው ዕለት ነበር። ባለ ምግብ ቤቱ ስለ ጠረጴዛ ርቀትና ስለ ኪራይ ሲያስብ፣ ፍርድ ቤቱ በበኩሉ አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን የሚኒሶታ ንግድ ምክር ቤትና የሚኒያፖሊስ ከተማ ክርክር ቋጨ። የከተማዋ የሕመም ፈቃድ ደንብ ሕጋዊ ነው፤ ቢሮው ከከተማው ውጭ ያለ አሠሪም ሠራተኛው በከተማው ውስጥ እስከሠራ ድረስ ይገዛበታል አለ።

ይህ ውሳኔና ከበስተጀርባው ያሉት አምስት ዓመታት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አራት አምስት ሰው ቀጥሮ ለሚያሠራ ወገናችን ብዙ የሚያስተምሩት አላቸው። ቡና ቤት፣ ምግብ ቤት፣ የጽዳት ድርጅት፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የመኪና ማጠቢያ ያለው ሁሉ አሠሪ ነው። የሕግ ክፍል የለውም፤ የሰው ኃይል አስተዳደር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ አካውንታንትና ስልክ የሚደውልለት አንድ ጓደኛ ነው። ሕጉ ግን ትልቅና ትንሽ ብሎ የሚለይባቸው ነገሮች ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ መጥተዋል።

ያልተሳካው ዓመት

ነገሩ የሚጀምረው በ2015 ነው። የዚያን ጊዜዋ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ቤትሲ ሆጅስና አንዳንድ የከተማው ምክር ቤት አባላት ለሠራተኛ ቤተሰቦች የሚሆን አጀንዳ ብለው አንድ ጥቅል ሐሳብ አቀረቡ። በጥቅሉ ውስጥ የሕመም ፈቃድ ነበር፤ የደመወዝ ስርቆትን መከላከል ነበር፤ አሠሪው የሺፍት ፕሮግራም ከሳምንታት አስቀድሞ እንዲያወጣ፣ በኋላ ከለወጠም እንዲከፍል የሚያስገድድ ሐሳብም ነበር። ትንንሽ ነጋዴዎችን ያስቆጣው ይህ የመጨረሻው ነው። በረዶ ሲጥል ደንበኛ በሚቀርበት፣ ፀሐይ ሲወጣ በረንዳው በሚሞላበት ከተማ ከሳምንታት በፊት ማን መቼ እንደሚገባ ቆርጦ መጻፍ እንዴት ይቻላል አሉ። ቁጣው የሐሳቡን ያህል የአቀራረቡም ነበር። ረቂቁ ደርሷቸው ሲያነቡት ብዙዎቹ ተመክሮ ያለቀ ነገር ሆኖ ታያቸው። በኦክቶበር 2015 ከንቲባዋ የሺፍቱን ክፍል ተዉት።

ምክር ቤቱ ከዚህ በኋላ የሠራው ሥራ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነው። አሠሪዎች፣ ሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የንግድ ምክር ቤቶች የተወከሉበት አንድ የሥራ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ክረምቱን በየሰፈሩ የማድመጫ ስብሰባ እያደረገ የሰውን ብሶትና ሥጋት ሰበሰበ፤ በማርች 2016 የውሳኔ ሐሳቡን አቀረበ። ሜይ 27 ቀን 2016 ምክር ቤቱ የሕመምና የደኅንነት ፈቃድ ደንቡን ያለ ተቃውሞ ድምፅ አጸደቀ። በሚኒሶታ እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣች የመጀመሪያዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ ሆነች። በሴፕቴምበር ወር ሴንት ፖል ተከተለች።

ከስምንት ወር በፊት የወደቀው ሐሳብ አሁን ለምን አለፈ ቢባል፣ ባለሱቁ ከደንቡ ውስጥ የራሱን ድምፅ ስላገኘ ነው። የሺፍቱ ነገር ወጥቷል። 5 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ያለው የሚኒያፖሊስ አሠሪ ፈቃዱን መስጠት ግዴታው ቢሆንም ሰዓቱን ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ወደ ጁላይ 1 ቀን 2017 ተገፍቶ ከአንድ ዓመት በላይ የመዘጋጃ ጊዜ ተሰጥቷል። ሴንት ፖልም ከ24 ሠራተኛ በታች ላላቸው ተጨማሪ ስድስት ወር ጨመረች። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ የሚኒያፖሊስ የሲቪል መብቶች መምሪያ ከመቀጮ ይልቅ ማስጠንቀቂያ መስጠትንና ማስታረምን አስቀደመ።

ሚኒያፖሊስ አሠሪና ሠራተኛ እንዲህ በጠረጴዛ ዙሪያ ያልተገናኙበትንም ዘመን ታውቃለች። በ1934 የጭነት መኪና ሾፌሮች ማኅበር አድማ ሲመታ የከተማዋ ትልልቅ አሠሪዎች ድርድር አንቀበልም ብለው ነበር። ጁላይ 20 ቀን ፖሊስ በአድማተኞቹ ላይ ተኮሰ፤ ሄንሪ ኔስና ጆን ቤሎር ሞቱ፤ በርካቶች ቆሰሉ። አገረ ገዥው ፍሎይድ ኦልሰን ብሔራዊ ዘብ አሰማርተው ከተማዋ በወታደራዊ ትእዛዝ ሥር ከዋለች በኋላ ነው በኦገስት ስምምነት የተደረሰው። በማግስቱ ዓመት የወጣው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ከገፋፉት አድማዎች አንዱ ይኸው ነበር። ዛሬ ባለቡና ቤቱን የሚያማርሩት ሕጎች የዘር ሐረጋቸው ከዚያ ዘመን ይመዘዛል። በስብሰባ አዳራሽ መጨቃጨቅ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ የሚያሳየውም ያ ነው።

የተከሰሰ ሕግም ሕግ ነው

ንግድ ምክር ቤቱ በ2016 ክስ መሠረተ። ከተማ እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ ቢኖረው እንኳ ከወሰኑ ውጭ ያለን አሠሪ ማዘዝ አይችልም የሚል ነበር ክርክሩ። በጃንዋሪ 2017 የሄነፒን ካውንቲ ዳኛ ነገሩን ለሁለት ከፈሉት፦ ከተማው ውስጥ ባሉ አሠሪዎች ላይ ደንቡ እንዲቀጥል፣ ከከተማው ውጭ ባሉት ላይ ግን ለጊዜው እንዲታገድ። ጉዳዩ በይግባኝ ወጥቶ ወርዶ በ2020 ከተማዋ በሁሉም ረታች።

በእነዚያ ዓመታት በየቡናው የሚወራውን መገመት አያስቸግርም። «ተከሷል እኮ፤ ይፈርሳል፤ ምን አስቸኮለን?» የሚለው ወሬ ከሕጉ ይልቅ በፍጥነት ይደርሳል። ወሬው የሳተው አንድ ነገር አለ፦ ፍርድ ቤት ያላገደው ሕግ ክስ ቢቀርብበትም በሥራ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ሱቅ የነበረው አሠሪ የሠራተኞቹን ሰዓት መቁጠር የነበረበት ከጁላይ 2017 ጀምሮ ነው። ፍርዱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ያልቆጠረው ሰዓት ተጠራቅሞበታል። ስለ ደመወዝም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሚኒያፖሊስ በጁን 2017 አነስተኛውን የሰዓት ክፍያ ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ደንብ ስታወጣ ግራኮ የተባለው ፋብሪካ ከሰሰ፤ በጃንዋሪ 2020 ተረታ። ክርክሩ ሲካሄድ ክፍያው በየዓመቱ ከመጨመር አላቆመም ነበር።

አንዲት ሰዓት በየሠላሳው

የሕመም ፈቃድ ደንቡ ራሱ ቀላል ነው። ሠራተኛ 30 ሰዓት በሠራ ቁጥር 1 ሰዓት የሕመም ፈቃድ ያገኛል። በዓመት እስከ 48 ሰዓት ያጠራቅማል፤ ያልተጠቀመበት ወደሚቀጥለው ዓመት ቢሻገርም ጠቅላላው ከ80 እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል። በሳምንት 20 ሰዓት የምትሠራ አስተናጋጅ በዓመት 1,040 ሰዓት ትሠራለች፤ 34 ሰዓት ይጠራቀምላታል። ስትታመም፣ ልጇ ሲታመምባት፣ ሐኪም ቀጠሮ ሲኖራት፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽታ መጠለያ ስትፈልግ፣ በበረዶ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ የሚይዝላት ስታጣ ትጠቀምበታለች። ሙሉ ቀን፣ ግማሽ ቀን፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ ብሎ መለየት የለም፤ በዓመት 80 ሰዓት ይሠራል ተብሎ የሚጠበቅ ሁሉ ይካተታል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ የከተማ ደንብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመላው ሚኒሶታ ሕግ ሆኗል። አንድ ሠራተኛ ያለውም አሠሪ በክፍያ ይሰጣል፤ በ2016 ለአምስት ሠራተኞች ተሰጥቶ የነበረው ምሕረት አብቅቷል። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ወይም ሠራተኛው በቀላሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ምን ያህል ሰዓት እንደተጠራቀመና ምን ያህል እንደተወሰደ በእያንዳንዱ የክፍያ ጊዜ መታየት አለበት። መዝገብ ያልያዘ አሠሪ «ወስዷል» ብሎ ቢከራከር የሚሰማው የለም።

አገር ቤት ለሠራ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ሦስት ወራት ባይከፈለውም ሥራው ይጠበቅለታል። በዚህ ሚዛን የሚኒሶታው 48 ሰዓት ስድስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። «አገራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል አሠሪ ቢኖር የማያውቀው የአሜሪካንን ብቻ አይደለም።

ወረቀቱ

በ2019 ሌላ ሕግ መጣ። አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ በሜይ ወር የፈረሙት የደመወዝ ስርቆት ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እያንዳንዱ አሠሪ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢቀጥርም፣ ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጠው ያዛል። በማስታወቂያው ላይ የሰዓት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የትርፍ ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ፣ የሚቀነስ ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ የሚከፈልበት ቀንና የመጀመሪያው የክፍያ ቀን፣ ፈቃዱ፣ የድርጅቱ ሕጋዊ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጻፋል። ሠራተኛው ይፈርማል፤ አሠሪው ቅጂውን ያስቀምጣል። ክፍያው ወይም ሌላው ነገር ከተለወጠ ለውጡ ከመጀመሩ በፊት እንደገና በጽሑፍ ይነገረዋል። ሠራተኛው ከፈለገ ማስታወቂያው በራሱ ቋንቋ ይሰጠዋል፤ የሚኒሶታ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያ ባዘጋጀው የናሙና ቅጽ ላይ ይህንን መብት የሚነግረው ዓረፍተ ነገር አማርኛና ኦሮምኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ሰፍሯል። ሚኒያፖሊስ የራሷን ተጨማሪ ደንብ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ አስከትላለች።

ሕጉ ጥርስም አለው። አሠሪ ለማታለል አስቦ ደመወዝ ከከለከለ ነገሩ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ከ35,000 ዶላር ካለፈ እስከ 20 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚመለከተው ሆን ብሎ የሰረቀውን ነው። ባለማወቅ ያጎደለው እስር ባያሰጋውም ገንዘቡን ይከፍላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከነእጥፉ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምንለው እኛው ነን። የአገር ቤቱም አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። ነገር ግን የቀጠርነው ሰው የአክስት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ አብሮ አደግ ሲሆን ወረቀት ማቅረብ አለማመን ይመስለናል። ያ ሰው ሲቀየም ግን የሚጠፋው ዝምድናው ብቻ አይደለም፤ ለአሠሪው የሚመሰክርለት አንድም ነገር አይኖርም።

አንድ ምግብ ቤት እንውሰድ

በሚኒያፖሊስ ሲዳር አቬኑ አካባቢ አራት ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት አለ እንበል። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ሠራተኞቹን በነፃ ያበላል፤ ሲቸግራቸው ያበድራል፤ በበዓል ዶሮ ይዞ ይሄዳል። ዘመኑ 2025 ነው፤ በከተማዋ አነስተኛው የሰዓት ክፍያ ለትልቁም ለትንሹም ድርጅት 15 ዶላር ከ97 ሳንቲም ነው።

ወጥ ሠሪዋ በሳምንት 52 ሰዓት ትሠራለች፤ ተስማምተው በቁርጥ 800 ዶላር ይከፍላታል። ሁለቱም ደስተኞች ናቸው። 800 ለ52 ሲካፈል ግን 15 ዶላር ከ38 ሳንቲም ይመጣል፤ ከአነስተኛው በታች ነው። ከዚህም ሌላ በፌዴራሉ ሕግ ከ40 በላይ ያለው ሰዓት በአንድ ተኩል ይታሰባል። 40 ሰዓት በ15.97 ሲባዛ 638 ዶላር ከ80 ይሆናል፤ 12ቱ ሰዓት በአንድ ተኩል 287 ዶላር ከ46። ድምሩ 926 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነው። በየሳምንቱ በትንሹ 126 ዶላር ከ26 ጎድሏል። በ50 ሳምንት 6,313 ዶላር ይሆናል፤ እጥፍ ካሳ ሲጨመርበት 12,626። «ተስማምተናል» ማለት አያድንም፤ ከአነስተኛው በታች ለመሥራት የተደረገ ስምምነት በሕግ ዋጋ የለውም። «ቁርጥ ደመወዝተኛ ናት» ማለትም አያድንም፤ ወጥ ሠሪን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ነፃ የሚያደርግ የደመወዝ ዓይነት የለም። የሚኒሶታ ሕግ ትርፍ ሰዓትን የሚቆጥረው ከ48 በኋላ ነው ብለው የሚመክሩ አሉ፤ የክልሉ ሕግ እውነት እንዲያ ይላል። የፌዴራሉ ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ 500,000 ዶላር የደረሰን ድርጅት ሁሉ ይይዛል፤ ከዚያ በታች የሆነውንም በሠራተኛው የሥራ ዓይነት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በ40 መቁጠር ነው የሚያዋጣው።

አስተናጋጁ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ጣለ። ባለቤቱ 60 ዶላር ከደመወዙ ቀነሰ። በሚኒሶታ ሕግ ለተሰበረ፣ ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ዕቃ ከደመወዝ መቀነስ የሚቻለው ሠራተኛው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በገዛ ፈቃዱ በጽሑፍ ሲስማማ ወይም ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ሲቀጠር «የሰበርኩትን እከፍላለሁ» ብሎ የፈረመው ወረቀት ለዚህ አያገለግልም።

ቲፑ በአንድ ሣጥን ይገባል፤ ማታ ባለቤቱ ቆጥሮ ያካፍላል፤ እሱም ሲያስተናግድ ስለዋለ ድርሻውን ያነሣል። ቲፕ የሠራተኛው ነው። ባለቤት አይነካውም፤ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይካፈሉ ብሎ ማስገደድም በሚኒሶታ ክልክል ነው፤ መካፈሉን ራሳቸው በፈቃዳቸው ካልጀመሩት በስተቀር። በሌሎች ብዙ ክልሎች እንደሚደረገው ቲፕ ስላላቸው የሰዓት ክፍያቸውን ዝቅ ማድረግም አይቻልም።

ዕቃ አጣቢው ወጣት ደግሞ በ1099፣ ማለትም እንደ ተቋራጭ ተቆጥሮ ነው የሚከፈለው፤ ታክስና ኢንሹራንስ እንዳይመጣ። ሰዓቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ዕቃው የባለቤቱ ነው፤ ሥራውን የሚያዘው ባለቤቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሠራተኛ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሠራተኛን ተቋራጭ አስመስሎ መመዝገብ በአንድ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ወጣቱ እጁ በቢላ ቢቆረጥና የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ ባይኖር የሚመጣው ወጪ ሌላ ነው።

አራቱም ጥፋቶች የተሠሩት ሠራተኛውን ለመጉዳት ታስቦ አይደለም። ሕጉ የሚያየው መዝገቡንና ክፍያውን ነው፤ ምሳውና ዶሮው በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም።

ወንዝ የሚለያቸው ሁለት ሕጎች

የ2020ው ውሳኔ ለእኛ ሰዎች በተለይ የሚበጀው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፦ የሚቆጠረው ሠራተኛው የቆመበት መሬት ነው እንጂ አሠሪው ቢሮ የከፈተበት አይደለም። ቢሮው ብሩክሊን ፓርክ ሆኖ ማታ ማታ የሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ፎቆችን የሚያጸዳ ድርጅት፣ ሴንት ፖል ተቀምጦ ሚሲሲፒን ተሻግሮ ሠርግ የሚደግስ ኬተሪንግ ይህንን ማወቅ አለበት። የሁለቱ ከተሞች አነስተኛ የሰዓት ክፍያ አንድ አይደለም። ሴንት ፖል በ2018 ባወጣችው ደንብ ድርጅቶችን በመጠን ከፋፍላ፣ ከ5 የማይበልጥ ሠራተኛ ያላቸው 15 ዶላር የሚደርሱት በጁላይ 2027 እንዲሆን ወስናለች። ሚኒያፖሊስ ግን ከጁላይ 2024 ጀምሮ በትልቅና ትንሽ መካከል ያለውን ልዩነት አጥፍታለች። ከሁለቱ ከተሞች ውጭ የሚሠራው የክልሉ ሕግ ነው፤ በ2025 ክፍያው 11 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነበር። ያው ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ከተማ ከሠራ ሰዓቱ በየቦታው ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ቁጥሮቹም በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ በጃንዋሪና በጁላይ መጀመሪያ አዲሱን ማየት የባለሱቁ ልማድ መሆን አለበት።

በ2026 መግቢያ ደግሞ ሌላ ተጨምሯል። ሚኒሶታ ለወሊድ፣ ለከባድ ሕመምና ቤተሰብን ለማስታመም የሚሆን የክልል ፈቃድ መድን ጀምራለች። መዋጮው ከደመወዝ 0.88 በመቶ ነው፤ አሠሪው ቢያንስ ግማሹን ይከፍላል፤ 30 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸውና አማካይ ደመወዛቸው ዝቅ ያለ ድርጅቶች በቅናሽ ይከፍላሉ። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ለ4 ሰዓት ሥራ ቢያንስ የ15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ለ6 ሰዓት ሥራ የ30 ደቂቃ የምግብ ዕረፍት በሕግ ተደንግጓል።

መጠየቅ አያስከስስም

በ2015 የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት የተማረው ባለሱቁን ሳይሰሙ ሕግ ቢያወጡ እንደማይሠራ ነው። ባለሱቁ በበኩሉ መማር ያለበት አለ፦ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ራስን ማጋለጥ አይደለም። የእኛ ሰው መንግሥት ቤት ሲባል ቶሎ የሚታየው ተቆጣጣሪ ነው። እዚህ ግን የምክርና የቁጥጥር ሥራ የተለየበት ቦታ ብዙ ነው። የሚኒሶታ የሥራ ደኅንነት አማካሪ ክፍል ለትንንሽ ድርጅቶች በነፃ መጥቶ ኩሽናውንና መጋዘኑን አይቶ አደጋ ያለበትን ያመለክታል፤ የመቀጮ ወረቀት አይጽፍም። አሠሪው የሚገባው ግዴታ ቢኖር የተገኘውን ከባድ አደጋ ማስተካከል ነው። የክልሉ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያና የሚኒያፖሊስ የሲቪል መብቶች መምሪያ የአሠሪን ጥያቄ በስልክ ይመልሳሉ፤ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎችና የናሙና ቅጾችን በነፃ ያድላሉ።

ከመንግሥት ቢሮ ይልቅ የሚያውቀውን ፊት ለሚመርጥም ቦታ አለ። በሴንት ፖል ስኔሊንግ አቬኑ «ትንሿ አፍሪካ» በሚባለው ሰፈር ትውልደ ኢትዮጵያዊው ጂን ገልገሉ የመሠረቱት አፍሪካን ኢኮኖሚክ ዴቨሎፕመንት ሶሉሽንስ አለ፤ ለአፍሪካውያን ነጋዴዎች ሥልጠናና ብድር ይሰጣል። በሚኒያፖሊስ ሲዳር ሪቨርሳይድ ሑሴን ሳማታር በ2003 የጀመሩት አፍሪካን ዴቨሎፕመንት ሴንተር አለ። ከ1993 ጀምሮ በሴንት ፖል የሚሠራው ኔበርሁድ ዴቨሎፕመንት ሴንተርም አለ። ሰው ወደነዚህ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሄደው ብድር ሲፈልግ ነው። ለመጀመሪያው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ቼክ ከመጻፉ በፊት ቢሄድ ይሻለዋል።

ከሁሉም የከፋውን ጥፋት ግን ብዙዎች የሚሠሩት ሕጉን ካወቁ በኋላ ነው። ሠራተኛ «ሰዓቴ አልተቆጠረልኝም» ሲል ሺፍቱን መቀነስ፣ ማባረር፣ «ወረቀት የለህም፤ እጠቁምብሃለሁ» ብሎ ማስፈራራት በሚኒሶታ ሕግ በቀል ይባላል፤ ከመጀመሪያው ጉድለት የተለየ ጥፋት ሆኖም ይጠየቁበታል። ሦስት መቶ ዶላር ከፍሎ የሚያልቅ ነገር በቁጣ ምክንያት ሦስት ሺሕ ይሆናል። ሠራተኛ ሲባረርም ያለው ደመወዝ በጠየቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከፈለዋል፤ «ቁልፉን ሲመልስ» ተብሎ አይያዝም።

አሠሪ የሆንክ አንባቢ፣ አሠሪ የሆንሽ እኅት፣ በዚህ ሳምንት አራት ነገር አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተፈረመ የሥራ ማስታወቂያ በፋይል ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። የሰዓት መዝገቡን ከፍታችሁ ከ40 ያለፈውንና በየ30ው የሚጠራቀመውን ቁጠሩ። የዘንድሮውን የሰዓት ክፍያ ሠራተኞቻችሁ በሚሠሩበት ከተማ ልክ አመሳክሩ። ጎድሎ ካገኛችሁ ሠራተኛው ሳይጠይቅ ክፈሉ፤ የከፈላችሁበትንም ጻፉ። ሰው ሳይከሰስ ያረመው ስሕተት በቤቱ ያልቃል፤ ከክስ በኋላ የሚታረመው ግን ከነእጥፉ ነው።